ስለ ሯጩ ስለ ቀነኒሳ በቀለና ስለ ተጎዳ እግር

የዋግ ሰው እንስሳውን ያውቃል። አህያው ወይም በቅሎው በመንገድ ላይ ማነከስ የጀመረ እንደ ሆነ ባለቤቱ ጭነቱን ያወርዳል፤ ሰኰናውን አንሥቶ ያያል፤ ጠጠር ገብቶበት እንደ ሆነ ያወጣለታል፤ ቍስል አግኝቶት እንደ ሆነ ግን ከገበያ አስቀርቶ በመስክ ያሰነብተዋል። አሞሌ ጨው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይመጣ በነበረበት ዘመን ነጋዴዎች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ያነከሰውን በቅሎ ሰነፍ ነው ብሎ የሚሰድበው ሰው የለም፤ ዛሬ ያላረፈ በቅሎ ነገ ተከዜን እንደማይሻገር ሁሉ ሰው ያውቃልና።

ልጅ ያነከሰ እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደረግም። ቍልቍለት ወርዶ ዳገት ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ እግሩን ወለም ባለው ጊዜ ሕመሙን ይደብቃል። ጓደኞቹ ፈሪ እንዳይሉት፥ ከኳስ ጨዋታ እንዳያስወጡት፥ አባቱም «ከብት መጠበቅ ጠልተህ ነው» እንዳይለው ይፈራል። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ይሮጣል፤ የሚያየውም ሰው «ይህስ ጀግና ነው» እያለ ያመሰግነዋል። ይህ ምስጋና ስንት እግር እንዳበላሸ የቈጠረ የለም። ነገሩ በአንድ ታላቅ ሯጭ ኑሮ በግልጥ ይታያልና ታሪኩ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቀነኒሳ በቀለ ሰኔ 6 ቀን 1974 ዓ.ም. በአርሲ ውስጥ በቆጂ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። በቆጂ እንደ ዋግ ደጋ ከፍ ያለ አገር ናት፤ አየሯም ስስ ነው። ከርሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ ከዚያው ከበቆጂ ወጥታለች። ቀነኒሳ ገና ተማሪ ሳለ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል መምህር ሩጫ አስተማረው። ያ መምህር የብዙ ታላላቅ ሯጮች መምህር ነው፤ የመምህር ሥራ ግን በሜዳልያ ስለማይቈጠር ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ቀነኒሳ በየዓመቱ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አጭሩንም ረጅሙንም ሩጫ አሸነፈ። አምስት ዓመት ሙሉ፥ በያንዳንዱ ዓመት ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ጨምሮ 11 አደረሰው። በግንቦት 1996 ዓ.ም. 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጠ፤ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ደግሞ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ፈጸመ። የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. እስኪያሻሽላቸው ድረስ እነዚህን ሰዓቶች ከ15 ዓመት በላይ ሰው አልደፈራቸውም። በአቴና በ1996 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ በቤጂንግ በ2000 ዓ.ም. እና በበርሊን በ2001 ዓ.ም. ሁለቱንም ሩጫ አሸነፈ። በ10,000 ሜትር እስከዚያ ቀን ድረስ ያሸነፈው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባቱ ተጎዳ።

በ2002 ዓ.ም. የባቱ ጡንቻ ስለ ታመመ ከውድድር ራቀ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ በቂ ልምምድ ሳይኖረው፥ በነሐሴ 2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ በዴጉ ከተማ ለዓለም ሻምፒዮና ተሰለፈ። ከሩጫው መካከል ወጥቶ ቆመ። በ10,000 ሜትር ድል የሆነው ያን ቀን ነው፤ ወርቁንም የአገሩ ልጅ ኢብራሂም ጄይላን ወሰደ። በየቡና ቤቱና በየጋዜጣው «ቀነኒሳ አለቀ» ተባለ። ከ19 ቀን በኋላ ግን በብራስልስ ከተማ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ ፈጸመ፤ በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከርሱ የፈጠነ አልተገኘም። አለቀ ብለው የፈረዱት ሰዎች አፋቸውን ሳይዘጉ ፍርዳቸው ተሻረ።

የጅማትና የጡንቻ ጠባይ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ፈጥኖ አይፈርድም። ባት ከተረከዝ ጋር የሚገናኘው በወፍራም ጅማት ነው፤ ሰው በእግሩ ጣት ሲነሣ ይህ ጅማት ከበስተኋላ ተወጥሮ ይታያል። ሯጭ በረገጠ ቍጥር የሰውነቱን ክብደት እጥፍ ድርብ አድርጎ የሚሸከም እርሱ ነው። ጡንቻ ብዙ ደም ስላለው ቶሎ ይድናል፤ ጅማት ግን ደሙ ጥቂት ስለ ሆነ መዳኑ ይዘገያል። ከሁሉም የሚከፋው፥ ሕመሙ የሚጠፋው ቍስሉ ከመጠገኑ አስቀድሞ መሆኑ ነው። ሰውየው «ዳንኩ» ብሎ ይነሣል፤ ያልጠና ጠባሳ ደግሞ እንደ ቀድሞው ሥጋ አይለጠጥምና ዳግመኛ ይቀደዳል። ሁለተኛው ቍስል ከፊተኛው ይልቅ ይቈያል። በቶሎ ልመለስ ያለ ሰው የሚዘገየው ስለዚህ ነው።

ቀነኒሳም ከዚያ ወዲህ ያሳለፈው ኑሮ እንደ ተከዜ መንገድ ነው፤ መውረድና መውጣት። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ፤ ሦስተኛ የወጣው የገዛ ወንድሙ ታሪኩ በቀለ ነበረ። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. በፓሪስ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አሸነፈ። በጥር 2007 ዓ.ም. በዱባይ ተጎድቶ ወጣ፤ ከዓመት በላይም ተቀመጠ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በዱባይ፥ በበርሊንና በአምስተርዳም ሦስት ጊዜ ሩጫውን ሳይፈጽም ቀረ። አሁንም ደግሞ «አለቀ» ተባለ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተናገሩት የሚያፍሩበት ሰዎች አይታዩም።

መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በበርሊን ጎዳና ሲሮጥ ዕድሜው 37 ዓመት ነበረ። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠ ጥሎት ሄደ፤ የሚያዩት ሰዎችም እንደ ተለመደው ሊያቋርጥ ነው ብለው አሰቡ። ቀነኒሳ ግን አላቋረጠም፤ አልተጣደፈምም። ጥቂት በጥቂት ቀረበ፥ ደረሰ፥ አለፈ። በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ በዓመቱ በፊት በዚያው ከተማ ያስመዘገበው የዓለም ሰዓት በ2 ሰከንድ ብቻ ይበልጠው ነበር። ሁለት ሰከንድ ማለት ሰው አንድ ጊዜ ጠልቆ እስኪተነፍስ ያለው ጊዜ ነው።

በዚያ ቀን «ባይጎዳ ኖሮ» እያሉ የሚቈጥሩ ብዙ ሆኑ። ባይጎዳ ኖሮ ይህን ያህል ወርቅ፥ ባይጎዳ ኖሮ ይህን ያህል ሰዓት ይላሉ። ይህ አቈጣጠር ከንቱ ነው። ከማሳው እኩሌታውን ውርጭ የመታበት ገበሬ የቀረለትን እኽል ትቶ የጠፋውን ሲቈጥር ቢውል ያው የቀረውንም ወፍ ይበላበታል። ይልቅስ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ያ እግር ከነዚያ ዓመቶች ሁሉ በኋላ እንዴት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሊሸከም ቻለ የሚለው ነው። ሊሸከም የቻለውም በዴጉና በዱባይ ባለቤቱ ስለ ቆመለት ነው። በነዚያ ቀኖች ስድብ ፈርቶ እስከ መጨረሻው ቢጎተት ኖሮ የበርሊን ቀን አይመጣም ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህን ተቃራኒ የሚናገሩ ሰዎች አበበ ቢቂላን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ አበበ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። ነገር ግን ያን ጊዜ ቍስሉን የሰፋውም የጠበቀውም ሐኪም ነበረ፤ እግሩም ደኅና ነበረ። እነዚህ ሰዎች ቶኪዮን ሲያስታውሱ ሜክሲኮን ይረሳሉ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ያው አበበ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ። ሁለት ጊዜ የዓለም ጀግና የሆነ ሰው በመንገድ ዳር ቆመ። በዚያ ቀን የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። አበበን ፈሪ ያለው ሰው አልተሰማም፤ ታዲያ አበበ ያልተሰደበበትን ነገር በሰቆጣ የኳስ ሜዳ ላይ ያለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለምን ይሰደብበታል?

በሩቅ አገርም ነገሩ አንድ ነው። ከስፔን በስተ ሰሜን ካለው ከአስቱርያስ አገር የወጣ ሳንቲ ካዞርላ የሚባል ኳስ ተጫዋች አለ። ቁመቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ቀኝ እግሩንና ግራ እግሩን እኩል ስለሚጠቀም የትኛው እንደሚበልጥበት ማወቅ ያስቸግራል። ስፔን በ2000 እና በ2004 ዓ.ም. የአውሮፓን ዋንጫ ስታነሣ ከቡድኑ ጋር ነበረ፤ በ2002 ዓ.ም. የዓለምን ዋንጫ ስታነሣ ግን ተጎድቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቍርጭምጭሚቱን ያመው ጀመር፤ ሕመሙን ችሎ ዓመታት ተጫወተ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ከሜዳ ወጣ፤ ብዙ ጊዜም ተቀደደ። በቍስሉ ውስጥ ገብቶ የነበረው ተሐዋስያን ከተረከዙ ጅማት ወደ 8 ሴንቲ ሜትር በላው። ሐኪሞች ከክንዱ ቆዳ አንሥተው በቍርጭምጭሚቱ ላይ ተከሉለት፤ በዚያ ቆዳ ላይ የሴት ልጁ ስም ተነቅሶበት ስለ ነበረ የስሙ እኩሌታ ዛሬ በእግሩ ላይ ይገኛል። ከልጅህ ጋር በአትክልት ስፍራ ለመራመድ ከበቃህ ይበቃሃል አሉት። ወደ ሁለት ዓመት ያህል ታገሠ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በ2011 ዓ.ም. ስፔን እንደ ገና ጠራችው። በኋላም ልጅ ሳለ ወደ ጀመረበት ወደ ኦቪየዶ ቡድን ተመልሶ፥ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ቡድኑ ወደ ስፔን አንደኛ ክፍል ሲወጣ የ40 ዓመት ሰው ሆኖ አብሮ ተደሰተ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ ቀነኒሳና ካዞርላ ያገኙት ሐኪም በየተራራው አይገኝምና። ወጌሻ ወለምታን በማሸት ብዙ ሰው ረድቷል፤ ጥበቡም የሚናቅ አይደለም። የተሰበረ አጥንት ግን ሌላ ነገር ነው። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቀው ያሰሩት እንደ ሆነ ደም ይታገዳል። የታሰረው ልጅ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢጠቍሩ ወይም ቢደነዝዙ ማሰሪያውን በቶሎ ፈትቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። «ነገ ይሻለዋል» እየተባለ በመቈየት እግራቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ለቀላል ወለምታ ደግሞ ትልቁ መድኀኒት ዋጋ የሌለው ነው፤ ይኸውም ማረፍ፥ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ሳያነክሱ መራመድ እስኪቻል ድረስ ሩጫንና ኳስን መተው ነው። ከብቱን ለጥቂት ቀን ወንድም ወይም ጎረቤት ቢጠብቀው ቤቱ አይፈርስም።

ቀነኒሳ ከበርሊን በኋላም ጉዳት አልተወውም፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ባቱን ስላመመው ከለንደን ማራቶን ቀረ። ነገር ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በዚያው በለንደን ሁለተኛ ወጣ፤ በነሐሴም በ42 ዓመቱ በፓሪስ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ማራቶን ሮጦ 39ኛ ሆኖ ገባ። ያን ቀን ከቡድኑ ጋር እንዲሮጥ አስቀድሞ የተመረጠው ሲሳይ ለማ ነበረ። ሲሳይ እግሩ በተጎዳ ጊዜ ሕመሙን አልደበቀም፤ እንደማይችል ተናግሮ ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራትም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፥ ከዚያ በፊት በኦሊምፒክ ማንም ባልሮጠው ፍጥነት፥ አንደኛ ሆኖ ወርቁን ወሰደ።