የሃይፖስፔዲያስ ቀዶ ሕክምና ስኬት መቼ ይለካል?

ሃይፖስፔዲያስ የወንድ ልጅ የሽንት መውጫ ቀዳዳ በብልቱ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ ከሥር በኩል ተከፍቶ የሚወለድበት የአፈጣጠር ችግር ነው። በግምት ከ200 እስከ 300 ከሚወለዱ ወንዶች በአንዱ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የብልት መጉበጥ አብሮት ይገኛል። ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ እንዲከናወን ይመክራሉ። በመሆኑም ታካሚው ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም፤ ውጤቱን ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

በዘርፉ የሚሠሩ አብዛኞቹ ጥናቶች ስኬትን የሚለኩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረበው «ሆዝ» የተሰኘ መመዘኛ የቀዳዳውን ቦታና ቅርጽ፣ የሽንቱን አወራረድ፣ የብልቱን ቀጥተኛነትና የፊስቱላን መኖር አለመኖር ይመዝናል። እነዚህ መሠረታዊ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ስለ ገዛ አካሉ ምን እንደሚሰማው አይነግሩንም።

አካሉም ቢሆን እንደ ሕፃንነቱ አይቆይም። በጉርምስና ወቅት ብልት በፍጥነት ሲያድግ ጠባሳው እኩል ላያድግ፣ ተስተካክሎ የነበረው ጉብጠት ሊመለስ፣ የተሠራው ቧንቧም ሊጠብ ይችላል። የዘር ፈሳሽ አወጣጥ ችግርም የሚታወቀው ከዚህ ዕድሜ በኋላ ነው። በሁለት ዓመቱ «የተሳካ» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ እነዚህን ሁሉ ሳያይ ይቀራል።

በአውሮፓ በጎልማሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ብዙዎቹ የተለመደ ወሲባዊ ሕይወት እንደሚመሩ፣ በብልታቸው መልክ የማይረኩና ከተቃራኒ ፆታ ጋር ለመቀራረብ የሚያመነቱም እንዳሉ አመልክተዋል። ይህን ውጤት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ግን አያስኬድም። ግርዛት ባልተለመደበት አገር፣ ሸለፈቱ ለጥገና የዋለ ልጅ ከእኩዮቹ የተለየ ይመስላል፤ ግርዛት በተለመደበት በኢትዮጵያ ግን ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። በአንጻሩ የትዳርና የልጅ መውለድ ጥያቄ የሚያሳድረው ጫና፣ ቤተሰብም ጉዳዩን በምስጢር የመያዙ ልማድ ሊከብድ ይችላል። ይህን የሚመልስ ከአገር ውስጥ የተገኘ መረጃ ያስፈልጋል።

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ 18 ዓመት ሊከታተል አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም አንድ ተማሪ የማይጨርሰውን የትምህርት ክፍሉ ሊጨርሰው ይችላል። በየዓመቱ የሚገቡ ተማሪዎች እየተረከቡ የሚያሳድጉት የታካሚዎች መዝገብ ቢኖር፣ የዛሬው ተማሪ የመነሻውን መረጃ ይሰበስባል፤ የነገው ደግሞ ያንኑ ልጅ በጉርምስናው፣ ቀጥሎም በጎልማሳነቱ ያገኘዋል። የተረሳ ቁስል መቀስቀስ ይሆናል የሚለው ሥጋትም ሊናቅ አይገባም፤ መልሱ ግን ዝምታ ሳይሆን ፈቃድን መጠየቅና የምክር አገልግሎት ማዘጋጀት ነው።

ከሁሉ በፊት ሊሟላ የሚገባው ቀላል ነገር ነው፤ ልጁ ለአቅመ ማስተዋል ሲደርስ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለትና ለምን እንደተደረገለት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሲቸገር ወዴት መሄድ እንዳለበት አያውቅም። የዚህ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻ ፈራጅ ስፌቱን የሰፋው ሐኪም ወይም በሕፃንነቱ የፈረመለት ወላጅ ሳይሆን፣ ያ ልጅ አድጎ የሚሆነው ሰው ነው። የስኬት መለኪያውም እርሱን ሳይጠይቅ ሙሉ ሊባል አይችልም።