ተራራው ሰው አለው

«መንገዱ ወለል ብሎ እየታየ ለመሪ የምንከፍለው ለምንድን ነው?»

ጓደኛዬ ይህን የጠየቀችኝ ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ የሲና ተራራ መውጫ ላይ ቆመን ነው። ጥያቄዋ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። የግመል መንገድ የሚባለው ሰፊ ጎዳና ከቅድስት ካትሪን ገዳም ጀርባ ተነሥቶ በቀዩ ዐለት ላይ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከታች ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደንቡ ግን የአካባቢውን መሪ ሳይዝ ማንም አይወጣም ይላል። በዚያች አንዲት ቀን ያየሁት ነገር የሲና ብቻ ሆኖ አልታየኝም፤ እኛንም ይመለከተናል፤ ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

እኔ የምኖረው ካይሮ ነው። ጓደኛዬ ሸዋ፣ ደብረ ሲና ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬም እዚያው የምታስተምር ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሁሉ ከተማዋን ያውቃታል፤ ከጣርማ በር ሥር፣ ጉም የማይለያት፣ መንገደኛ ቆሎ የሚሸምትባት። «ለከተማዬ ስሙን ያዋሰውን ተራራ ሳላይ አልሞትም» እያለች ሠላሳ ዓመት ቆየች። በመጨረሻ መጣች፤ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ኪሎ ቆሎና አንድ ላስቲክ በሶ ይዛ።

ከካይሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በስዊዝ ካናል ሥር ባለው ዋሻ አልፈን፣ በየኬላው ፓስፖርት እያሳየን፣ ማታ ደረስን። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገዳሙ በር ላይ ነበርን። ንጉሥ ዮስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ548 እና በ565 ዓመታት መካከል ያሠራው ቅጥር ዛሬም እንደ ምሽግ ቆሟል። በቤተ መጻሕፍቱ ከግሪኩና ከዐረብኛው ብራናዎች ጋር ጥቂት የግዕዝ መጻሕፍትም አሉ። ጓደኛዬ ግን ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ ቁጥቋጦው ዘንድ።

እኛ ዕፀ ጳጦስ የምንለው ነው። «ጳጦስ» ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ እሾሃማ ቁጥቋጦ ማለት ነው። ገዳሙ ውስጥ በድንጋይ ግንብ ላይ ተንዠርግጎ የሚታየውም በእርግጥ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ ፎቶ ያነሣል። እሷ ራመድ ብላ ጫማዋን አወለቀችና በካልሲዋ ቆመች። ሙሴ ጫማውን አውልቅ የተባለው በዚህ ቦታ ነው ብላ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዋን ስታወልቅ የኖረች ሴት ሌላ ምን ታድርግ? ከኋላዬ ዐይኑ የራሰ ሰው እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ የእኔም ዐይን ርሶ ነበር።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስታስተምር የዚህን ጾም አርባ ቀን ሙሴ በሲና ከጾመው ጋር ታያይዘዋለች፤ ሦስቱን ቀን ደግሞ በፓትርያርክ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን ከፈለሰው ከሙቀጠም ተራራ ጋር። ሙቀጠም ካይሮ ነው፤ ከቤቴ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ። ጓደኛዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አትቀምስም። እኔ መድኃኒት ስለምወስድ እጠጣለሁ። ይህን ካይሮ ሳለን ተነጋግረንበት ነበር፤ የበረሃ ተራራ በደረቅ ጉሮሮ አይወጣም ብዬ ተከራክሬያታለሁ፤ አልሰማችኝም።

ወደ መሪያችን ልምጣ። መሪዎቹ የሚሠሩት በተራ ነው፤ ቱሪስት አይመርጣቸውም፣ እነሱም ቱሪስት አይሻሙም። ለእኛ የደረሱን ስድሳን የተሻገሩ፣ በጀለቢያቸው ላይ አሮጌ ጃኬት የደረቡ አዛውንት ናቸው። ጀበሊያ ከሚባለው ጎሣ ናቸው፤ ትርጉሙ የተራራው ሰዎች ማለት ነው። ታሪካቸው እንደሚለው ዮስጢንያኖስ ገዳሙን እንዲጠብቁና እንዲያገለግሉ ከጥቁር ባሕር አካባቢና ከግብፅ ካመጣቸው ቤተሰቦች የተወለዱ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ሰለሙ፤ ገዳሙን ማገልገላቸውን ግን አልተዉም። ዛሬም በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ከፋጢማውያን ዘመን የቆየ መስጊድ አለ። ከ1,400 ዓመት በላይ አንድን ተራራ የጠበቀ ሕዝብ ልጅ ናቸው እንግዲህ ከፊታችን የቆሙት። «ሐበሽ?» አሉን። አዎ አልናቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁንም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። ግመል አከራዮቹ «ጀመል! ጀመል!» እያሉ ሲከቡን መሪያችን አንዲት ቃል ተናገሩና ተበተኑ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ቆም ብለው ውኃ እንድንጠጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። እኔ ጠጣሁ። እሷ አልጠጣችም። ለምን እንደሆነ አስረዳኋቸው።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን አላዩም፤ ፀሐይዋን አዩ፣ ከዚያ መንገዱን አዩ። የጓደኛዬን ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀብለው ራሳቸው ያዙት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጉዞው መልክ ተለወጠ። እርምጃቸው ግማሽ ሆነ። ፀሐይ የሚመታውን ጎን ትተው ጥላው ባለበት በኩል ወሰዱን፤ ነፋስ የሚከለክል ቋጥኝ ባገኙ ቁጥር ተቀመጡ ይሉናል። እሷ ደህና ነኝ ስትል እንኳ ያስቀምጧታል። «በረመዳን እኔም ጾሜ ሰው ይዤ እወጣለሁ» አሉኝ። «ጾመኛን የሚጎዳው መቸኮሉ ነው።» ይህን ተርጉሜ ስነግራት ጓደኛዬ ዝም አለች። የመሪውን ክፍያ ጥያቄ ያን ቀን ዳግመኛ አላነሣችውም።

ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥተው አሳዩን፤ በላዩ ላይ ጥቁር የቅርንጫፍ ሥዕል አለ፣ በብዕር የተሣለ የሚመስል። ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሠራው ነው። ምእመናን ከጥንት ጀምሮ የቁጥቋጦው ምስል ነው እያሉ ይወስዱታል፣ ነጋዴም ይሸጠዋል። እሳቸው አሳይተውን ሲያበቁ እዚያው፣ ባነሡበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በነበረበት ጎን መልሰው አስቀመጡት።

ትንሽ አለፍ ብለን በስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ደረቅ የምትመስል ቁጥቋጦ ጋ ስንደርስ እንድንሻገራት እንጂ እንዳንረግጣት ለመኑን። ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ ቅጠሏን አሸት አድርጋ አሸተተች።

«ጦስኝ!»

ጦስኝ ነበር፤ የሲና ጦስኝ። ጣርማ በር ላይ እረኛ ሳለች ትቀጥፈው የነበረው የጦስኝ ዘመድ። በዚህች ቅጠል ላይ በዓለም ሌላ ቦታ የማትገኝ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ሰማያዊ ቢራቢሮ ትኖራለች። በኅዳር አትታይም፤ ቅጠሏ ከተረገጠች ግን በወቅቷም አትታይም። መሪያችን ይህን የተናገሩት እንደ ሳይንስ አይደለም፤ ስለ ጎረቤቱ እንደሚያወራ ሰው ነው።

አብዛኛው ሰው ሲናን የሚወጣው በሌሊት ነው። ከሻርም አል ሼክና ከደሃብ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በባትሪ ተከታትሎ፣ ጀንበር ስትወጣ ዐይቶ፣ እንቅልፉን እየታገለ ይወርዳል። የንጋቱን ውበት አልክድም። ግን በጨለማ የወጣ ሰው ጦስኙን ረግጦ ያልፋል፣ ድንጋዩን አያይም፤ መሪውም ለእሱ የባትሪ ብርሃን ብቻ ነው። እኛ በቀን ስንወጣ መንገዱ ላይ ያገኘነው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ተራራውን እንደ ሰው ፊት ለፊት ማየት የሚሻ በቀን ይውጣ እላለሁ።

ጫፉ 2,285 ሜትር ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ስለሚያልፍ ጓደኛዬን ቁመቱ አልገረማትም። አፏን ያስያዛት ራቁትነቱ ነው። ሣር የለም፣ ዛፍ የለም፣ የሚፈስ ነገር የለም፤ ቀይ ተራራ ከቀይ ተራራ ጀርባ፣ ዐይን እስኪደክም። በአንድ በኩል የግብፅ ሁሉ ረጅሙ፣ የካትሪን ተራራ፣ 2,629 ሜትር ሆኖ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1934 ከጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ድንጋይ የተሠራችው ትንሽ ቤተ ጸሎት ተዘግታ ነበር። ጓደኛዬ በሯን ተሳልማ ቆመች። መሪያችን ከጎኗ ባለችው መስጊድ ግድግዳ ሥር የቀትር ሶላታቸውን ሰገዱ። እኔ በሁለቱ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነፋሱን ሰማሁ።

ዘጠኝ ሰዓት የሞላው ከጫፉ ወርደን የነቢዩ ኤልያስ ሜዳ ከሚባለው፣ አሮጌ ጥድ ካለበት ገንዳማ ስፍራ ስንደርስ ነው። ድንገት እንዳይመስላችሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ በልባቸው ያሰሉት ቦታ ነበር። ጥላ አለ፣ ነፋስ የለም፣ መቀመጫ አለ። ደረቅ ጭራሮ አንድደው ሻይ ጣሉ፣ ሐበክ የሚሉትን የተራራ ቅጠል ጨመሩበት። እሷ በሶውን በጠበጠች። ሦስታችንም ከአንድ ኩባያ ጠጣን፣ ቆሎውን በመሐረብ ላይ ዘርግተን።

ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ የሚባለውን ደረጃ ቁልቁል ስንወርድ እያሰብኩ ነበር። አንድ መነኩሴ ለንስሐ ብቻውን የደረደረው ነው ይባላል። ጉልበት የሚሰብር ነው። አዛውንቱ ከፊቷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው፣ ብትንሸራተት ትከሻቸው ላይ እንድታርፍ ሆነው ወረዱ።

እያሰብኩ የነበረው ይህን ነው፦ አምና ለዕረፍት አዲስ አበባ ሳለሁ በሰንበት ተራራ ከሚወጡ ወጣቶች ጋር ሄጄ ነበር። ዛሬ በየሳምንቱ ሰው ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ፣ ወደ ወንጪ ይወጣል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። እኛ በሁለት አውቶቡስ ሄድን። መንገዱ በስልክ ካርታ ላይ ስለነበረ መሪ አያስፈልግም ተባለ። በአንድ ገበሬ የባቄላ ማሳ መሀል አለፍን። ሽማግሌው አጥራቸው ሥር ቆመው አዩን። ሰማንያ ሰው ስናልፍ እንደምን ዋሉ ያላቸው የለም፤ እኔም አላልኩም። የላስቲክ ጠርሙሱ ደግሞ እዚያው ቀረ። ያን ቀን ማንም ክፉ አልነበረም። ተራራው ሰው እንዳለው የነገረን ግን አልነበረም።

ስለዚህ ለሰንበት ተጓዦች የምለው ይህ ነው፦ የደረሳችሁበትን ቀበሌ ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ ክፈሉትም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት ይዞ መግባት የተለመደ ነው፤ ለደብረ ሲናው የወፍ ዋሻ ደን፣ ለዝቋላም ይህ አይበዛበትም። ክፍያው መንገድ ለማሳየት አይደለም፤ ያንን ካርታው ያደርገዋል። ጦስኙን የሚያስሻግር፣ የጾመኛን እርምጃ የሚያውቅ፣ ድንጋይ መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው እዚያ እንዲኖር ነው። ጓደኛዬ አንድ ስጋት አላት፤ ትክክል ናት። ገንዘቡን ተቀብሎ ከኋላ የሚከተል፣ ወይም እንደ ሰዉ ፊት ዋጋ የሚቆልል ይኖራል። ለዚህም ሲና መልስ አላት፦ ተራ። ሁሉም ይደርሰዋል፤ ተራው የደረሰው ደግሞ የጎሣውን ስም ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የግብፅ መንግሥት በገዳሙ አካባቢ ሆቴሎችና መንገዶች እየሠራ ነው። ለከተማው ሥራ ይምጣ፣ አልቃወምም። የምፈራው ይህ ተራ እንዳይሰበር ነው።

ታች ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ የገዳሙ ቅጥር ግራጫ ሆኗል። ጓደኛዬ ከተባለው በላይ ከፈለች፣ የተረፈውን ቆሎም ከነመሐረቡ ሰጠቻቸው። ከየት እንደሆነች የጠየቋት ያኔ ነው።

«ከደብረ ሲና» አለች።

ትርጉሙን ነገርኳቸው። ተራራውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እዚያስ ተራው የማን ነው?» አሉ።

እስክንለያይ ድረስ መልስ አልሰጠቻቸውም።