እንቅልፍ ላጣ ሰው ኪኒን አትጠቁሙ

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ "ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብዬ እዚሁ ብጽፍ፣ እስኪነጋ የመድኃኒት ስም በውስጥ መስመር ሲዘንብልኝ አደረ። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬማ "ቲቸር፣ እናቴ የምትወስዳት አለች፣ ግማሿን ይዋጧት፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ነው" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልቆጣችሁ ነው።

ያቺን ግማሽ ኪኒን አውቃታለሁ። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዳያዜፓም ገዛሁ። "ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ? ሲተኙ ያንኮራፋሉ? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ያለኝ ሰው የለም። "ስንት ፍሬ ልስጥዎ?" ብቻ። ለሳምንት ያልኩት ስምንት ወር ሆነ። ግማሿ አንድ ሆነች፣ አንዷ ሁለት። አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ እግሬ ከዳኝና ቅንድቤ በበሩ መቃን ተተረተረ።

ዳያዜፓም በተለይ በኛ ዕድሜ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። ቀን ቀን መደንዘዜን፣ የሰው ስም መርሳቴን እርጅና ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ሃፍ ላይፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስታስተምር የኖርክ የኬሚስትሪ መምህር ሆነህ!

ፋርማሲ የከፈታችሁና የተቀጠራችሁ ተማሪዎቼ፣ በተለይ እናንተን ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 እ.ኤ.አ. የነዳያዜፓም ወገን በሙሉ የሱስና የጥገኝነት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍርበት አዟል። "ማዘዣ ብንጠይቅ ቀጥሎ ያለው ቤት ሄዶ ይገዛል" ትሉኛላችሁ። ይሂዳ! ትንፋሹ በእንቅልፍ ላይ እየተቆራረጠ የሚያንኮራፋ ሰው ላይ ይህ ኪኒን አደጋ መሆኑን ተምራችኋል፤ እኔ አይደለሁም የምነግራችሁ።

ሕክምናው ደግሞ አለ። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት (በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ማለት ነው) መጀመሪያ የሚሰጠው አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርም የንግግር ሕክምና ነው ብሏል። ኪኒን ከዚያ ቀጥሎ፣ ለአጭር ጊዜ።

ነገሩ እናንተ ከምትመክሩኝ ተቃራኒ ነው። "በጊዜ ጋደም ይበሉ፣ ባይተኙም ያርፋሉ" ትላላችሁ። አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከተጋደመ አራቱን ሰዓት ጣሪያ ሲቆጥር ነው የሚያድረው። ሰውነትም አልጋን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይለምደዋል። ስለዚህ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ አይወጣም። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ ተነስቶ ሌላ ክፍል መቀመጥ፣ ሲያንጎላጅ መመለስ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ጠዋት ሁሌ በአንድ ሰዓት መነሳት። ቀን ማሸለብ የለም። አልጋ ላይ የሚቆዩበት ሰዓትም መጀመሪያ ያጥርና እንቅልፉ ሲጠና ቀስ በቀስ ይረዝማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እሬት ናቸው። ሹፌር የሆነ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን የማሳጠሩን ነገር ያለ ሐኪም እንዳይሞክር።

ቡናውንም ከምሳ በኋላ ተውኩ። ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ደም ውስጥ ነው። ከኪኒኑ ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ፤ አቦሉን እንኳ ሳልቀምስ ስነሳ ጎረቤት ተቀየመኝ።

አሁን እየዋጣችሁ ያላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ እንዳትጥሉት። በድንገት ማቆም እስከ መንዘፍዘፍ ያደርሳል። እኔ በሐኪም ክትትል ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ዛሬም ክፉ ሌሊት አለ፤ የባለፈው ሳምንቱ አንዱ ነበር። በ9 ሰዓት ስጽፍ ካያችሁኝ ሳሎን ተቀምጬ እንቅልፌን እየጠበቅኩ ነው። ስልክ መያዜ ጥፋት ነው፣ በዚያ ልትቆጡኝ ትችላላችሁ።