አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የፈነዳ ጎማ ዕዳ የማን ነው?

በብዙ የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች ዘንድ «የጎማ ስታንዳርድ» የሚባል ነገር አለ። አንድ ጎማ ይህን ያህል ሺሕ ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት ተብሎ በቢሮ ይወሰናል። ጎማው ከዚያ በፊት ካለቀ ወይም ከፈነዳ፣ የጎደለው ኪሎ ሜትር በዋጋ ተሰልቶ ከሾፌሩ ደመወዝ ላይ ይቆረጣል። በጥብቅና ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ይዘው የመጡ ሾፌሮችን በየጊዜው አነጋግሬአለሁ። ደብዳቤዎቹ መንትያ ናቸው፤ የጎማው መለያ ቁጥር፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የጎደለው፣ የሚቆረጠው ብር። ጎማው የት፣ ምን ያህል ተጭኖበት፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ስንት ዓመት ካገለገለ በኋላ እንደፈነዳ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁባቸውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ዕዳው ግን ከብዷል። የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ጎማ በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሾፌሩ ግን የሚከፈለው በብር ነው።

ለመሆኑ ጎማ በምን ያልቃል? የሕግ ሰው ስለ ጎማ ምን አገባው የሚል አንባቢ ካለ፣ ማስረጃው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

የጎማ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከአስፋልቱና ከፀሐዩ ብቻ አይመጣም። ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር መሬት የነካው ክፍሉ ይጨፈለቃል፣ ተመልሶ ይለጠጣል፤ በዚህ መሐል ላስቲኩ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ንፋሱ ባነሰ፣ ጭነቱ በበዛ፣ ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ሙቀቱም ይጨምራል። በመጨረሻ ላስቲኩን ከውስጥ ሽቦው ጋር ያያዘው ትስስር ይላላል፣ ጎማው ይላጣል ወይም ይፈነዳል። ቆሞ የሚውል መኪናም አይድንም፤ ፀሐይና ዕድሜ ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል።

አሁን ይህን ወደ ጅቡቲ መስመር እንውሰደው፤ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መኪናው ወርዶ ወርዶ አፋርን አቋርጦ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። ጠዋት በ10 ዲግሪ ብርድ 110 ፒ.ኤስ.አይ የተነፋ ጎማ ሰመራ 40 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ፣ የከፍታው ለውጥ የሚቀንሰው ታስቦ እንኳ፣ 120 ገደማ ያሳያል። ይህ ቆሞ ነው፤ ሲነዳ ደግሞ ይጨምራል። ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ይህን ሲያይ ይደነግጥና ንፋስ ያስተነፍሳል። ብዙ ጎሚስታም ይህንኑ ይመክራል። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ንፋሱ የጎደለው ጎማ ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ ይበልጥ ይግላል። ትክክለኛው ልኬት በቀዝቃዛ ጎማ፣ ከመነሳት በፊት የሚወሰደው ነው። ይህን ለሾፌሩ ያስተማረው ማን ነው? መለኪያውንስ የገዛለት? የከበደው ጭነት ማለትም ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ ደግሞ የሚጫነው በመልስ ጉዞ ነው፤ የጉዞው መጀመሪያም ያ ሙቀት ነው።

ጭነቱን በቁጥር እንየው። በከባድ መኪኖቻችን ላይ በብዛት የሚታየው 12.00አር20 ጎማ፣ ጎኑ ላይ 154/149 የሚል ምልክት ካለው፣ ብቻውን ሲገጠም 3,750 ኪሎ፣ በመንታ ሲገጠም እያንዳንዱ 3,250 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። አራት ጎማ ያለው አንድ የኋላ አክስል 10 ቶን ቢያርፍበት በየጎኑ 5 ቶን ነው። ከመንታዎቹ አንዱ ሳይታወቅ ንፋሱን ቢያፈስ፣ ጓደኛው ለ3,750 ኪሎ የተሠራ ሆኖ 5,000 ይሸከማል። ይህ ትርፍ ጭነት ሳይጨመር ነው! ጭነቱን የወሰነው ሾፌሩ ነው ወይስ የስምሪት ክፍሉ? ከየመንገዱ ጥቂት ኩንታል የሚያነሳ፣ በፍጥነቱ የሚታወቅ ሾፌር የለም አልልም፤ አይሱዙን «አልቃኢዳ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ውስጥ ነው የምንኖረው። ጥፋቱ ካለ ግን ይረጋገጥ ነው የምለው።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው ይላል። በአንቀጽ 59 ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በስተቀር ደመወዝ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ቀዳዳው «የሥራ ደንብ» እና «የጽሑፍ ስምምነት» የሚሉት ቃላት ላይ ነው። ሾፌሩ በተቀጠረ ዕለት ከቁልፉ ጋር ከሚሰጡት ወረቀቶች አንዱ «በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነኝ» የሚል ነው፤ ይፈርማል። በእኔ እምነት ይህ ፊርማ ወደፊት ለሚፈነዳ ጎማ ሁሉ አስቀድሞ የተሰጠ ስምምነት ሊሆን አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን የግዴታውን መኖር ያስረዳ ይላል። የኪሎ ሜትር መጉደል የቸልተኝነት ማስረጃ አይደለም፤ የአሶሳና የጅቡቲ መንገድ በአንድ ቁጥር አይለካም።

ሰው ሲሞት ደግሞ ጉዳዩ ከደመወዝ ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 57 ደግሞ ጥፋት ሳይኖር ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ቅጣት የለም ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚናገረው ያ የተቀደደ ጎማ ነው። ነገር ግን መዝገቡ ለክርክር እስኪደርስ ጎማው ተሸጦ በረባሶ ሆኗል።

የጎማው ዕድሜ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በአራት አኃዝ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 1422፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በ14ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ጎማው ሲገጠም ይህ ቁጥር ይመዝገብ። ከመነሳት በፊት የተለካው ንፋስ በጋራዡ ኃላፊና በሾፌሩ ይፈረም፣ የሚዛን ደረሰኙ ከስምሪቱ ጋር ይያያዝ፣ የፈነዳው ጎማ ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት ባለሙያ ሳያየው አይወገድ። የሠራተኛ ማኅበር ያለባቸው ድርጅቶች በኅብረት ስምምነታቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። ማኅበር የሌለው ሾፌር ግን ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት፣ ጎማው በፈነዳበት ቦታ ላይ ሳለ፣ የጎማውን ጎንና ያንን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ።