የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም
(ስለ መኪና ዋስትና ለነዋሪዎች የቀረበ ጽሑፍ)

ለተከበራችሁ የሕንጻችን ነዋሪዎችና የማኅበራችን አባላት፤

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ኪራይ ወይም ስለ ቆሻሻ መጣያ አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ከመካከላችን የብዙው ሰው እንጀራ መሪ ላይ ነው። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ አለ፣ ዕቃ የሚያደርስ አለ። መኪናው ቆመ ማለት ቤቱ ቆመ ማለት ነው። ስለሆነም «ዋስትና አለው» እየተባለ የሚሸጥልን ነገር በእርግጥ ዋስ መሆን አለመሆኑን በግልጽ መነጋገር አለብን።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው። ዘይቱ ሲሠራ ስለሚግል መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀዘቅዙት እዚያው በራዲያተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ዘይቱ በትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል፣ የሞተሩ ውሃና ኩላንት ደግሞ ዙሪያውን ይከበዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ በተሰነጠቀ ዕለት ውሃው ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ቀዩ ዘይት ከወተት ጋር የተመታ እንጆሪ ይመስላል። የካምቢዮው የፍሪሲዮን ሸራዎች የተጣበቁት በሙጫ ስለሆነ ውሃ ሲነካቸው ይለቃሉ። መኪናው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ማርሹ ያንሸራትታል፣ በመጨረሻ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድም ይላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ራዲያተር በጥቂት መቶ ዶላር ይቀየራል፤ ካምቢዮ ግን ሺዎችን ይበላል። ደግሞም መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ ፍሳሹ ከውስጥ ወደ ውስጥ ነው። ባለመኪናው በምን ዓይኑ ይየው?

ይህን ከሜዳ አንሥቼ አላወራሁትም። ከ2005 እስከ 2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር በዚህ ችግር የታወቁ ናቸው። ሲሸጡ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናቸው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነበር። ቅሬታው ሲበዛ ፋብሪካው ስለ ራዲያተሩ የሚሰጠውን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል አራዘመ። ባለመኪናዎች በ2010 ኒው ዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በ2013 የጸደቀው ስምምነት ጊዜውን እስከ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ገፋው። ነገር ግን 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ያለፈበት ሰው የመጀመሪያውን 2,500 ዶላር፣ 9 ዓመት ወይም 90,000 ማይል ያለፈበት ደግሞ የመጀመሪያውን 3,000 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል ተባለ።

እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ሕግ አላጠናሁም። ሒሳብ ግን እችላለሁ። «ወይም» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል ማለት ነው። በቀን 150 ማይል፣ በሳምንት 6 ቀን የሚነዳ ሰው በዓመት 46,800 ማይል ይነዳል። 80,000 ማይል ለመሙላት 2 ዓመት እንኳ አይፈጅበትም። እንግዲህ መኪናውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ለሚያወጣው ሰው 8 ዓመት የሆነው ዋስትና፣ ቀን ከሌት ለሚሠራው 20 ወር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ስንጥቁ የአንድ ፋብሪካ፣ መኪናው አንድ ዓይነት፤ ታዲያ ብዙ የሠራው ለምን ይቀጣል?

የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። «ማንኛውም ዕቃ ያልቃል፣ ዋስትናም ማብቂያ አለው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያልቃል። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ በራሴ ገንዘብ እቀይራለሁ፤ ጎማም እንደዚሁ። እነሱ ሲያልቁ ይታወቃሉ፤ ይጮኻሉ፣ ይላጫሉ። ይኸኛው ግን አለቀ የሚባል አይደለም። አንዱ ዕቃ ተሰንጥቆ ጤነኛውን ጎረቤቱን ገደለ እንጂ። ውሃና ዘይትን በስስ ግድግዳ አጎራብቶ የሠራው ማን ነው? ባለመኪናው ነው እንዴ? የሠራው ሰው ግድግዳው ሲፈርስ ለጎረቤቱም ይጠየቃል። በአገራችንም አጥሩን በደንብ ያላጠረ ሰው ከብቱ ለበላው ማሳ ይከፍል ነበር፤ «ከብቱ አርጅቷል» ብሎ የዳነ የለም።

ከፋብሪካው ዋስትና የባሰ ደግሞ አለ፤ ያገለገለ መኪና ስንገዛ ተጨምሮ የሚሸጥልን የጥገና ውል። ከአባሎቻችን አንዱ ባለፈው ክረምት ይኸው ደረሰበት። ካምቢዮው በውሉ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ውሃ ገብቶበት ሲሞት ግን «ያበላሸው ራዲያተሩ ነው፣ ራዲያተር በውሉ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ካምቢዮውንም አንከፍልም» አሉት። እንዲህ ያለ አንቀጽ በብዙ ውሎች ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ታዲያ ይህ ዋስትና ነው? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት አባቶቻችን ይኸንን አይተው ነው የሚያስብለው። በየወሩ ገንዘብ ተቀብለው በክፉ ቀን የሚሸሹ ከሆነ ስሙን ይቀይሩት።

ዛሬ ያ የ2013ቱ ስምምነት ለማንም አያገለግልም፤ ከተባሉት መኪናዎች የመጨረሻዎቹም 10 ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። መኪናዎቹ ግን በየሜዳው በርካሽ ይሸጣሉ፣ የሚገዛቸውም እንደኛ ያለው ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ እነዚህን መኪናዎች የምትገዙ ራዲያተሩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ መካኒክ የካምቢዮውን ዘይት አውጥቶ ያሳያችሁ። የማንኛውም ፋብሪካ መኪና ቢሆን ሮዝ ወተት ከመሰለ አትግዙ።

2ኛ/ ያላችሁ ደግሞ ያረጀውን ራዲያተር ቀድማችሁ አስቀይሩ፤ ወይም የካምቢዮው ዘይት ከራዲያተሩ ውጭ በራሱ ማቀዝቀዣ እንዲያልፍ አስደርጉ። ሮዝ ዘይት ከታየ አንድ ማይል እንኳ አትንዱ፣ አስጎትቱ።

3ኛ/ ነጋዴው በመስኮቱ ላይ የሚለጥፈውን የገዢ መግለጫ አንብቡ። «አስ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ከግቢው ከወጣችሁ በኋላ ነጋዴው ለጥገና ዋስትና አልሰጠሁም ማለቱ ነው።

4ኛ/ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኝ አትጣሉ። በ1975 በወጣው የፌዴራል የዋስትና ሕግ መሠረት «ከእኛ ጋራዥ ውጭ አሠርተሃል» ተብሎ ብቻ የአምራቹን ዋስትና መከልከል አይቻልም። ማስረጃው ግን በእናንተ እጅ ይሁን።

5ኛ/ ማናቸውንም የጥገና ውል ከመፈረማችሁ በፊት «ያልተሸፈነ ዕቃ የተሸፈነውን ቢያበላሽ ማን ይከፍላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል።

በመጨረሻም፣ የተከለከልን ሰዎች አንድ በአንድ እየሄድን አንድ በአንድ ተመልሰናል። ኒው ዮርክ ላይ ግን ከ8 ዓመት ወደ 10 ዓመት የገፋው የአንድ ሰው ልመና ሳይሆን የብዙ ሰው ክስ ነው፤ ያም ቢሆን ሙሉ አልሆነም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ሁሉ የውላችሁንና የክልከላ ደብዳቤያችሁን ግልባጭ ይዛችሁ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንድትመጡ። እንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆች አሉን፤ አቤቱታውን ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አብረን እንጽፋለን። ወደ ሻጩም የሚኬደው ከእንግዲህ ለብቻ አይደለም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

የማኅበሩ ጸሐፊ