ወደ ቤጂንግ ለሚሄዱ ልጆቻችን ግማሽ ቀን እንስጣቸው

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለትምህርት ወደ ቻይና የሚሄድ ልጅ ሻንጣ ሲዘጋጅ ያየ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተፈጨ ቡና፣ ጋቢ። አክስት አንድ ነገር ትጨምራለች፣ ጎረቤት ሌላ ያመጣል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው ኪሎ ያልፍና ግማሹ ተመልሶ ይወጣል። ቤተሰብ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ያደርጋል። እኔም ቤጂንግ ልማር ስሄድ እንዲሁ ተደርጎልኛል፤ ምስጋናዬም ዛሬ ድረስ አልቀነሰም። የጎደለን ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ስንደርስ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚገጥመን ቁጭ አድርጎ የነገረን ሰው አልነበረም። አሁንም ከሚሄዱት ብዙዎቹ ሳይነገራቸው ነው የሚሳፈሩት።

ይህ የሚያሳዝነኝ መንገዱ አዲስ ስላልሆነ ነው። ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ አየር መንገዳችን ወደ ቻይና መብረር የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ልጅ ተምሮ ተመልሷል! ሐኪሙ አለ፣ መሐንዲሱ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ አለ። ያም ሆኖ እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ከእሱ በፊት ማንም ያልሄደ ይመስል ሁሉንም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

ቤጂንግ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ሰው እንደሚያስበው ግን አዲስ መጤውን የሚያስጨንቀው ስፋቷ አይደለም። የምድር ባቡሩ የጣቢያ ስም በላቲን ፊደልም ስለተጻፈ ካርታ ይዞ የፈለጉበት መድረስ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚገኙበት ሃይዲያን የሚባለው አካባቢም ከየአገሩ በመጣ ተማሪ የተሞላ ስለሆነ፣ ጥቁር ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ ዞር ብሎ የሚያየው ብዙ አይደለም። ጭንቀቱ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። በከተማው ከትልቁ ገበያ አዳራሽ እስከ መንገድ ዳር ቂጣ ጋጋሪዋ ድረስ የሚከፈለው በስልክ አፕ፣ በዊቻት ወይም በአሊፔይ ነው። አፑ የባንክ ካርድ ይፈልጋል። ባንኩ የቻይና ስልክ ቁጥርና የተማሪነት ማስረጃ ይጠይቃል። ሲም ካርዱ ደግሞ ያለ ፓስፖርት አይሸጥም፤ ፓስፖርቱን ግን ብዙም ሳትቆይ ለመኖሪያ ፈቃድ ታስረክባለህ። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ሕጉ ባይከለክለውም ትንንሽ ሱቆች መልስ የላቸውም። ኪስህ ውስጥ ዶላር እያለ ውሃ መግዛት የሚያቅትህ ቀን ይኖራል።

መልእክት መላኪያም የሆነውን ዊቻትን ለመክፈት ስትሞክር ደግሞ አፑ ቀድሞ የሚጠቀምበት ሰው እንዲያረጋግጥልህ ሊጠይቅ ይችላል። ያ ሰው ስልኩን አውጥቶ ኪውአር ኮዱን ካላነሳልህ አይከፈትም። ማንንም በማታውቅበት አገር፣ ገና ሻንጣህን ሳትፈታ፣ የሚያውቅህ ሰው አምጣ ትባላለህ።

የብዙዎቻችን የዚያ ቀን ዋስ ሲኒየር ተማሪ ነው። እኔን የተቀበለኝ ሲኒየር በወቅቱ ፈተናም ሥራም ነበረበት፤ ግን ሲም ካርዱን አብሮኝ ገዛ፣ ባንክ ወረፋ አብሮኝ ያዘ፣ የዶርሙን አድራሻ በቻይንኛ ጽፎ ወረቀቱን ከስልኬ ሽፋን ሥር አስገባልኝ። ካፌ ስንገባ ትሪ አንሥቶ ከፊቴ ሄደ። ግድግዳው ላይ ያለው የምግብ ዝርዝር በሙሉ በቻይንኛ ነው፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሃያ ዓይነት ትሪ ተደርድሯል፣ ከኋላችን ሰልፉ ይገፋል። እሱ በጣቱ እያሳየ፣ «ይሄ አሳማ ነው፣ ይሄም አሳማ ነው፣ ያኛው ቲማቲም በእንቁላል ነው፤ እስክትለምድ በእሱ ሰንብት» አለኝ። የግቢ ካርዱንም አስነክቶ ከፈለልኝ። የእኔ ካርድ እስኪወጣ ድረስ የበላሁት በእሱ ካርድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ቶፉ የሚሸጥበትን መስኮት አሳየኝ፤ አትክልቱ አንዳንዴ በአሳማ ስብ ስለሚጠበስ መጀመሪያ መጠየቅ እንዳለብኝም ነገረኝ። ብዙ ግቢዎች ለሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ካፌ ስላላቸው፣ ከአሳማ የሚሸሽ ክርስቲያን ተማሪም ለአትክልቱና ለኑድሉ እዚያ ሲሰለፍ ታገኘዋለህ።

ሲኒየር የሌለበት ግቢ የደረሰ ልጅስ? እንዲህ ያሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ከቤት ባመጡት ዳቦ ቆሎ ቀናት ያሳለፉ፣ ኃፍረት ይዟቸው ማንንም ያልጠየቁ አሉ። ለእናታቸው ግን «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት።

እሱም መደወል ከቻሉ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ፌስቡክና ጉግል ቻይና ውስጥ ዝግ ናቸው። ቤተሰብ ልጁ እንደደረሰ በቴሌግራም ይጽፋል ብሎ ሲጠብቅ ልጁ ድምፁ ይጠፋል። በዚያ ላይ የአምስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እናት ከሥራ ገብታ እራት አቅርባ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኳን ስታነሣ ቤጂንግ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። የትምህርት ዘመኑ የሚከፈተው ደግሞ መስከረም መባቻ አካባቢ ነው። ብዙው ተማሪ እንቁጣጣሽን የሚያሳልፈው ገና ስልኩ ሳይስተካከል ነው። ቻይናውያን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 የመምህራን ቀናቸውን ያከብራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ የእኛ አዲስ ዓመት ሲሆን ግቢው ውስጥ የሚያውቅልህ የለም። የቻይና አዲስ ገቢ ተማሪዎች በዚያው ሰሞን ወታደራዊ ሥልጠና ይወስዳሉ። ዝንጉርጉር ልብስ ለብሰው በማለዳ «ዪ፣ አር፣ ሳን፣ ስ!» እያሉ ሲሰለፉ በመስኮት እሰማ ነበር፤ በቻይንኛ እስከ አራት መቁጠር የተማርኩት ከእነሱ ነው። የዚያን ዓመት የእንቁጣጣሽ ማለዳም የሰማሁት ይህንኑ ነው። አበባየሆሽ የሚል ድምፅ አለመኖሩ ያን ያህል ያመኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ናፍቆቱን ማንም ሊያስቀርልን አይችልም። ሌላውን ግን አዲስ አበባ ሆኖ ማቃለል ይቻላል። የጤና ምርመራ ቅጹ ላይ ፎቶው ማኅተም ካላረፈበት ወይም የላቦራቶሪ ውጤቱ ዋናው ካልተያያዘ እዚያ በራስህ ወጪ እንደገና ትመረመራለህ። ለትምህርት በሚሰጠው ረጅም ቪዛ የገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ፓስፖርቱ ሲወሰድ የሚሰጠውን ደረሰኝ እንደ ፓስፖርቱ መጠበቅ አለበት። በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚማር ሰው ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,500፣ ለማስተርስ 3,000፣ ለዶክትሬት 3,500 ዩዋን በወር ያገኛል፤ ገንዘቡ ግን የባንክ ሒሳብ ሳይከፈት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር የሚያዘልቅ ገንዘብ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ከአሊፔይ ጋር እዚሁ ማያያዝ ይችላል። ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ነው።

«ወጣት ነው፣ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ይለምደዋል። ግን እስኪለምድ የሚያልፈው ጊዜ የትምህርት ጊዜው ነው። በቻይንኛ የሚማሩት የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ብቻ ይማራሉ፤ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሮጣል። ባንክ ወረፋ ላይ የዋለ ልጅ ያመለጠውን ድምፅና ፊደል ብዙ ወር ሲያሳድደው ይቆያል። ብዙ ለፍቶ ያገኘውን ዕድል በሲም ካርድ ምክንያት ማባከን ተገቢ አይደለም።

ተማሪ የምትልኩ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ነሐሴ ውስጥ አንድ ግማሽ ቀን መድቡ። አዳራሽ ክፈቱ፣ ተምረው የተመለሱትን ጥሩ፣ በየከተማው ያሉ ሲኒየሮችን ስልክ ለተጓዦቹ ስጡ። ቤተሰቦች፣ በልጃችሁ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳችሁም ላይ ዊቻት ሳትጭኑ አትሸኙ፤ ማረጋገጫ ከጠየቀም እዚሁ ሰው ፈልጉለት። ቻይና ተምራችሁ የተመለሳችሁ ወገኖቼ ደግሞ፣ በዘመዱም በሰፈሩም በኩል ዘንድሮ የሚሄድ አንድ ልጅ አታጡም። ደውሉለትና የመጀመሪያ ሳምንታችሁን ንገሩት።