ፎርማት አይደለም፣ ቴርሞሜትር ነው የጎደለን

ጎበዝ፣ እንዲያው በሞቴ፣ ኮምፒውተር ሲታመም ከ«ፎርማት» ሌላ መድኃኒት አናውቅም ማለት ነው? ዘገመ? ፎርማት። ድንገት ጠፋ? ፎርማት። ኪቦርዱ ላይ ቡና ተደፋ? እሱንም ፎርማት ብናደርገው ደስ ይለናል። ይህን የምንጽፈው ተናደን ነው። ንዴታችን ደግሞ ከከሚሴ ይጀምራል።

ከሚሴን ለማያውቅ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ፣ ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ተወርዶ፣ አጣዬ ታልፎ የሚገኝ ከተማ ነው፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ። አጠገቡ የጨፋ ሸለቆ ተዘርግቷል። ቦርከና ወንዝ ያልፍበታል፤ በበጋ ሌላው ቦታ ሲደርቅ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ሣር ይመጣሉ። አገሩ ቆላ ነው። ግንቦት ላይ ቀትር ሲሆን ሰውም ከብትም ጥላ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ግን ከጠረጴዛው ተነስቶ ጥላ ፍለጋ አይሄድም።

እኛ ሁለት ጋዜጠኝነት የተማርን ሴቶች ወደዚያ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ካረፍንበት ብዙ ሳይርቅ አንድ የወጣቶች ማሰልጠኛ ክፍል አለ፤ ስሙ ይቆየን። በእርዳታ የመጡ አሥር ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉም በኡቡንቱ ነው የሚሠሩት። ከአሥሩ ሁለቱ ከቀትር በኋላ መዘግየት ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ድርግም ብለው ይጠፋሉ። ኃላፊው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ችግሩ ሊኑክሱ ነው። ቫይረስም ሳይገባበት አይቀርም። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ይጫን።»

ማሽኖቹን የሚንከባከበው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ሙቀቱን እንየው» አለ።

«በምን ታየዋለህ? ሴንሰሩ አይሠራም ያልከኝ አንተው አይደለህ?»

ልጁ ዝም አለ። እኛ ግን ዝም ማለት አልቻልንም። («እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ስለ ማዘርቦርድ ምን አገባችሁ?» ተብለናል። አገባን!)

ለምን እንደሚያገባን እንናገር። በጋዜጠኝነት ትምህርት መጀመሪያ የሚነገረን ነገር «ምንጭህ ማን ነው?» የሚል ነው። ኮምፒውተር ውስጥም ምንጭ አለ፤ ሴንሰር ይባላል። ፕሮሰሰሩ በሆዱ የሙቀት መለኪያ ይዟል። ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ የማራገቢያውን ፍጥነትና የቮልቴጁን ልክ የምትከታተል ትንሽ ቺፕ አለች፤ አይ.ቲ.ኢ. እና ኑቮቶን የተባሉት ኩባንያዎች በብዛት ይሠሯታል። ምንጩ ግን የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ እሱ ድራይቨር ይባላል። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በሚገናኙበት ገበያ አስተርጓሚው ቢሳሳት የግመሉ ዋጋ ሌላ ይሆናል። አስተርጓሚው ቢቀር ደግሞ ግመሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እኛ አልሰማንም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠባችን እዚህ ላይ ነው። «ሴንሰሩ አይሠራም» እና «ድራይቨሩ አልተጫነም» አንድ አይደሉም። ልጁ አይሠራም ያለው የማዘርቦርዱን ቺፕ ነበር። የፕሮሰሰሩ የራሱ መለኪያ ግን ኮርቴምፕ በሚባለው ድራይቨር አማካይነት ቀኑን ሙሉ ሲናገር ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። ሊኑክስ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ተራ ፋይል ያስቀምጣቸዋል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው። ሙቀት የሚጻፈው በዲግሪ ሺህኛ ስለሆነ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ «45000» ተብሎ ይታያል። ከሁለቱ ማሽኖች አንዱን ከፍተን፣ ምንም ከባድ ሥራ ሳናሠራው አነበብን። 94000 ይላል! ዘጠና አራት ዲግሪ! ይህ ቫይረስ ነው እንግዲህ?

ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ እኛ «ዘገመ» እንላለን። ካልበረደለት ደግሞ መቃጠሉን ትቶ መጥፋትን ይመርጣል። ያኔ «ተበላሸ» እንላለን። ይህን የሚያደርገው ራሱ ሃርድዌሩ ነው፤ ሊኑክስ ተጫነበት ዊንዶውስ ለውጥ የለውም። ፎርማት ማድረግ የሠራ የሚመስለን ማታ አገሩ ቀዝቀዝ ሲል ስለምንጭነው፣ በማግሥቱ ጠዋትም ገና ስላልሞቀ ነው። ለዚህ ነው «ጫንኩበትና ዳነ» የሚለው ምስክርነት በየኮምፒውተር ቤቱ የበዛው። ትኩሳት ላለበት ሰው ልብስ ቀይረንለት አማረበት እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ጠባችን ከራሳችን ወገን ጋር ነው። ከሊኑክስ ወዳጆች ጋር። የማዘርቦርዱ ቺፕ ለምን አልታየም ብለን የከርነሉን መዝገብ ስናነብ ድራይቨሩ መጥቶ እንደነበር፣ ግን በሩ ላይ እንደተመለሰ አገኘን። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ኤ.ሲ.ፒ.አይ. የተባለ ሥርዓት ያችኑ ቺፕ «የኔ ናት» ብሎ አስመዝግቧታል። ሁለት እረኞች በአንድ ጊዜ በአንድ ጉድጓድ ባልዲ ቢጥሉ ገመዱ ይጠላለፋል፤ እዚህም ሁለቱ እኩል ቢጠይቋት አንዱ የሌላውን መልስ ይወስዳል፣ ወይም ማራገቢያውን በተሳሳተ ቁጥር ያዘዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከርነል 2.6.31 ጀምሮ ሊኑክስ እንዲህ ያለ ግጭት ሲያይ ድራይቨሩን አላስገባም ይላል።

ታዲያ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የአራዳ ምክር ምንድን ነው? «ላክስ» የምትል አንዲት ቃል ማስነሻው ላይ ጨምርና ጥበቃውን አላላው። ቁጥሩ ወዲያው ብቅ ይላል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እኛ አናጨበጭብም። አንዳንዴ ችግር ላያመጣ ይችላል፤ ግን ለምን እንደተዘጋ ሳይጠይቁ በር መገንጠል ጥገና አይባልም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሴንሰር ፍለጋው ፕሮግራም አንዳንድ የአይ.ቢ.ኤም. ቲንክፓድ ላፕቶፖችን እስከማበላሸት ደርሶ ነበር፤ ማን እንዳለ ሳያውቅ እያንኳኳ ሲሄድ ማሽኑ ሲነሳ የሚያስፈልገውን መረጃ የያዘውን ቺፕ ስላዛባው ነው። ገንቢዎቹ ከዚያ ተምረው ጥንቃቄ ጨመሩ። እኛስ ከማን ልንማር ነው?

ደግሞ ሌላ ቀጥተኛ መንገድ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ለአንዳንድ የኤሱስ ማዘርቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2009 በአምራቹ በራሱ በር የሚገባ ድራይቨር ወጥቶላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ከርነል 5.17 ደግሞ የኑቮቶን ቺፕ ላላቸው የኤሱስ ቦርዶች ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ «ላክስ» ከማለት በፊት «ከርነሌ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ሦስተኛው ጠባችን ከአምራቾች ጋር ነው፤ ትልቁም ይህ ነው። ብዙዎቹን ድራይቨሮች የጻፉት ቺፑን የሸጡት ሰዎች አይደሉም። ኤል.ኤም. ሴንሰርስ የተባለው ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ስሙን የወሰደው ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ከሚሠራቸው ኤል.ኤም.75 እና ኤል.ኤም.78 ከተባሉ ቺፖች ነው። ከዚያ ወዲህ እነ ዣን ደልቫርና ጉንተር ሮክ ያሉ ሰዎች ለዓመታት አንዱን ቺፕ ከሌላው እየለዩ፣ የሰው ኮምፒውተር የተፋውን ቁጥር እያነበቡ ሲጽፉ ኖረዋል። የቺፑ መግለጫ ቢገኝ እንኳ ማዘርቦርድ ሠሪው የትኛውን ሽቦ የት እንዳሰረው አይናገርም። 12 ቮልቱ በምን ያህል ተከፍሎ ወደ ቺፑ እንደገባ ካልታወቀ፣ ጤነኛው ኃይል ማቀበያ የሞተ መስሎ ይታያል። ምንም ያልታሰረበት የሙቀት ጫፍ ደግሞ 127 ወይም -128 ዲግሪ ብሎ ቁጭ ይላል። ይህን አይቶ «ሊኑክስ ይዋሻል» የሚል አለ። ሊኑክስ አልዋሸም፤ ባዶ ወንበር ቃለ መጠይቅ አድርገን ነው።

መዋሸት ካነሳን፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የወደድነውን አንድ ድራይቨር እናስተዋውቃችሁ። ኬ10ቴምፕ ይባላል፤ የኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች አስተርጓሚ ነው። ኤ.ኤም.ዲ. ራሱ፣ በስህተት መዝገቡ ቁጥር 319 ላይ፣ ሶኬት ኤፍ እና ኤ.ኤም.2+ ላይ የሚቀመጡ የተወሰኑ ፕሮሰሰሮቹ ሙቀታቸውን በትክክል እንደማይለኩ አምኗል። ድራይቨሩ እነዚህን ሲያገኝ ምን ያደርጋል? አልሠራም ይላል! ካላስገደዱት በቀር ቁጥር አያወጣም። እምነት የማይጣልበትን ቁጥር ከመናገር ዝምታን መረጠ። ስንት ሪፖርት ጸሐፊ ነው ይህችን የምታህል ሐቀኝነት ያለው?

ኃላፊው ይህን ሁሉ ስንለው ሰማን፤ ግን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ሐሳቡን አልቀየረም። እሱን የዚያኑ ዕለት ማታ ፎርማት አስደረገው፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ተጫነ። ሁለተኛውን፣ ሙቀቱን ያነበብነውን፣ ለልጁ ተወለት። ልጁ «ላክስ» አላለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳና ባዮስ ገባ፤ እዚያ የአምራቹ የራሱ ገጽ የማራገቢያውን ፍጥነት ያሳያል። ዜሮ። ክዳኑን ከፈተው። በአቧራ ተጠቅጥቆ የቆመ ማራገቢያ! አዲስ ማራገቢያ ከደሴ በሚኒባስ ተላከ፣ የፕሮሰሰሩም ቅባት ተቀየረ። ያው ኡቡንቱ፣ ያው ግንቦት፣ ያው ክፍል፦ 52000።

ፎርማት የተደረገውስ? ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሎ ነገረን። ጭራሽ አይነሳም። የቆመውን ማራገቢያ ማንም ሳያየው በላዩ ላይ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖ ሲግል ከረመ። ማዘርቦርድ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ማንም የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ያውቃል። አሁን ክፍሉ ዘጠኝ ኮምፒውተር ነው ያለው። አንድ ወንበር ጎደለ ማለት ነው። በዚያ ወንበር ላይ በየፈረቃው ይቀመጡ የነበሩት ልጆች አሁን ከጓደኛቸው ጀርባ ቆመው ያያሉ።

ይህች አንድ ወንበር ትንሽ ነገር ናት የሚለን ካለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ተተክለው የነበሩትን ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ያስታውስ። የኛ አገር ዕቃ ሲገባ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ሲታመም ግን ትኩሳቱን የሚለካለት የለም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ማሽን ሲዘገምና ሲጠፋ ከመጫን በፊት መለካት። የከርነሉን መዝገብ ማንበብ፣ ቁጥሩን ከባዮስ ገጽ ጋር ማስተያየት፣ ማራገቢያውን በዓይን ማየት፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ዕቃ የሚገዛና የሚለግስ ሁሉ ከራምና ከሃርድ ዲስክ ቀጥሎ «የማዘርቦርዱ ሴንሰር በሊኑክስ ይነበባል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ አላውቅም ካለ እሱም መልስ ነው። ሦስተኛ፣ የማይታወቅ ቺፕ ያገኘ ሰው ዓይነቱን ጽፎ ለድራይቨሩ ጠባቂዎች ይላክ። ነፃ ሶፍትዌር ነፃ የሆነው እኛ ስንበላው ብቻ አይደለም፤ የኛ ቁጥር ካልደረሳቸው የኛን ማሽን በሕልማቸው አያዩትም።

አራተኛው ለእኛ ለራሳችን ነው። ከየት እንደመጣ የማናውቀውን ቁጥር አንድገም፤ ቁጥር ጠፋ ብለንም «ችግር የለም» አንበል።

የጨፋ እረኛ ላሙ ስትታመም አዲስ ላም ልጫንባት አይልም። ቀረብ ብሎ ጆሮዋን ይዳብሳል። እኛ ዲግሪ የያዝነው ደግሞ ያንን ያህል እንኳ እንቅረብ።

ቸር እንሰንብት።